ከሩቢ እስከ ቱሊየም፦ የኩላሊት ጠጠር ሌዘር ታሪክና የሆሳዕና ታማሚ

የኩላሊት ጠጠር የያዘውን ሰው ያየው ሁሉ ያውቀዋል። ወገቡን ይዞ ይንቆራጠጣል፤ መቀመጥም መተኛትም መቆምም አይሆንለትም፤ ያስመልሰዋል፣ ላብ ያጠምቀዋል። በሆሳዕናም በዱራሜም በሾኔም እንዲህ ያለ ታማሚ ሲገኝ ጎረቤት መጀመሪያ የገብስ ውሃ፣ ተልባ፣ አንዳንዴም ቢራ ያዝለታል። አልሻለው ሲል ጤና ጣቢያ፣ ቀጥሎ ሆስፒታል፣ ቀጥሎ አልትራሳውንድ፣ በመጨረሻም «ሪፈር» ይከተላል። በዚያ ወረቀት ማዶ የሚጠብቀው ሕክምና ዛሬ ብዙ ጊዜ ሌዘር ነው። ሌዘር ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ማሽን የሚገዛ ሆስፒታልም፣ በሬ ሸጦ የሚያሳክም ቤተሰብም ልዩነቱን ቢያውቅ ይጠቅመዋል ብዬ ስለማምን ታሪኩን ከሥሩ እተርካለሁ። ዓመታቱ «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በስተቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጠጠርን ሰባብሮ ማውጣት የሚለው ሐሳብ ያረጀ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የኖረው አሞንዮስ፣ በፊኛ ውስጥ ያለ ጠጠር በተቀደደው ቀዳዳ አልወጣ ሲለው በመሣሪያ ሰነጣጥቆ ያወጣ እንደነበር ሮማዊው ጸሐፊ ኬልሱስ መዝግቦለታል። በዚህ ሥራው «ድንጋይ ቆራጩ» ተባለ። ይሁን እንጂ ለመድረስ ሥጋ መቅደድ ግድ ነበር። በሂፖክራተስ ስም የሚጠራው የሐኪሞች መሐላ እንኳ ጠጠር ያለበትን ሰው መቅደድን ለሐኪም ከልክሎ ሥራውን ለሌሎች ባለሙያዎች ይተወዋል። ከአደጋው ብዛት የተነሣ ይመስለኛል።

ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ነገሩ እምብዛም አልተለወጠም። የሆሳዕናው ሪፈራል ሆስፒታል ስማቸውን የያዘው ንግሥት እሌኒ፣ የሀዲያው ገዥ ልጅ፣ የአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት፣ ኋላም ለሕፃኑ ንጉሥ ለልብነ ድንግል የመንግሥቱ አማካሪና ሞግዚት ሆነው ኖረው ያረፉት በ1520ዎቹ መጀመሪያ ነው። በዚያው ዘመን፣ በ1522፣ ጣሊያናዊው ማሪያኖ ሳንቶ ከፊኛ ጠጠር የማውጣትን ዘዴ በመጽሐፍ አሳተመ። ዘዴው ብዙ መሣሪያና ታማሚውን ጠፍረው የሚይዙ ብርቱ ሰዎች ይፈልግ ነበር፤ ማደንዘዣ አልነበረም። በእኛ አገር ደብተራዎችና መድኃኒት አዋቂዎች በመጽሐፈ መድኃኒታቸው ለሽንት ማጥ የሚሆን ሥርና ቅጠል ጽፈው ያስቀምጡ ነበር። ከሮም እስከ ሀዲያ ታማሚው የነበረው ምርጫ ይኸው ነው፤ ወይ ቅጠል፣ ወይ ቢላ፣ ወይ መታገሥ።

ለውጡ የመጣው ከፓሪስ ነው። ጥር 1824 ዣን ሲቪያል የተባለ ወጣት ሐኪም ቀጭን መሣሪያ በሽንት መውጫ በኩል አስገብቶ፣ ጠጠሩን ፊኛው ውስጥ ይዞ ቦርቡሮ ሰባበረው። ሰውነት አልተቀደደም። ዛሬ በትንሽ ቀዳዳ ወይም ያለ ቀዳዳ የሚሠራውን ቀዶ ሕክምና ሁሉ የሚያስተምሩ ሰዎች የትውልድ ቀኑን ከዚህ ይቆጥራሉ። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ሲቪያል ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። ዘዴዬ ይሻላል ብሎ አልተቀመጠም፤ ቆጠረ። በ1835 ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ የቀረበው ስሌት በቢላ ከታከሙ 5,443 ሰዎች 18.8 ከመቶ ሲሞቱ፣ በእርሱ ዘዴ ከታከሙ 257 ሰዎች የሞቱት 2.3 ከመቶ መሆናቸውን ያሳያል። ሁለት ሕክምናዎችን በቁጥር የማወዳደር ልማድ ሲጀምር ጠጠር መነሻ ሆኖ አገለገለ። በዚህ ታሪክ መጨረሻ ላይም የሚያስፈልገን እንዲህ ያለ ቁጥር ነው።

የሲቪያል መሣሪያ ግን ፊኛ ድረስ ብቻ ነበር። ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው ቱቦ፣ ዩሬተር የሚሉት፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስፋት አለው፤ ሰውን የሚያንከባልለውም ጠጠር እዚያ ውስጥ የሚቀረቀረው ነው። በ1879 ማክስ ኒትዘ የውስጥ መብራት ያለው የፊኛ መመልከቻ በቪየና ለሐኪሞች አሳየ። በ1912 ሂዩ ሃምፕተን ያንግ ቱቦው በሕመም ክፉኛ ሰፍቶ በነበረ ልጅ ላይ መመልከቻውን እስከ ኩላሊት አደረሰ። ያ በአጋጣሚ የተገኘ ዕድል ነበር። ለጤነኛ ቱቦ የሚበቃ ቀጭን መመልከቻ፣ ሐኪሞች ዩሬተሮስኮፕ የሚሉት፣ እስኪሠራ ድረስ ግማሽ መቶ ዓመት አለፈ፤ ተጣጣፊው በ1960ዎቹ ተሞከረ፣ ረጅሙና ቀጥ ያለው በ1980 ግድም በስፔናዊው ፔሬዝ ካስትሮ እጅ ሥራ ላይ ዋለ።

መመልከቻው ሲደርስ ሌላ ጥያቄ መጣ። በዚያ ቀጭን መንገድ ምን ዓይነት መስበሪያ ይግባ?

መልሱ በሌላ ቤት ተወልዶ እያደገ ነበር። ግንቦት 16 ቀን 1960 በካሊፎርኒያ ማሊቡ ቴዎዶር ሜይማን ከሩቢ ዕንቁ የመጀመሪያውን ሌዘር አበራ። ስምንት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1968፣ ሙልቫኒና ቤክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይኸንኑ የሩቢ ሌዘር በሽንት ጠጠር ላይ ሞከሩት። ጠጠሩ ተሰበረ። ነገር ግን የሚወጣው ሙቀት በሕይወት ባለ ሰው ቱቦ ውስጥ የሚሞከር አልነበረም፤ ጠጠሩን የሚሰብር ሙቀት ሥጋውንም ያቃጥላል። ከሩቢ ቀጥለው የተሞከሩት ያለማቋረጥ የሚያበሩ ሌዘሮችም ከዚሁ ችግር አልወጡም። በዚያው አሥርት ዓመት፣ በ1964፣ በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ተከፍቶ ኢትዮጵያ የራሷን ሐኪሞች ማስተማር ጀምራ ነበር።

ሌዘሩ ሲዘገይ ሌሎች ቀደሙት። በ1976 ፈርንስትሮምና ዮሐንሰን በስቶክሆልም ከጀርባ በኩል ትንሽ ቀዳዳ ወደ ኩላሊት ከፍተው ጠጠር አወጡ። የካቲት 1980 ደግሞ ክሪስቲያን ሾሲ በሙኒክ ታማሚውን ውሃ ውስጥ አስቀምጦ ከውጭ በተላከ የድንጋጤ ሞገድ ጠጠሩን ሰበረ። ማሽኑን የሠራው ዶርኒየር የተባለው የአውሮፕላን ኩባንያ ነው። በ1990ዎቹ መግቢያ ከስዊዘርላንድ የወጣው በተጨመቀ አየር የሚሠራ መስበሪያም በመመልከቻው ውስጥ ገብቶ ጠጠሩን እንደ ትንሽ መዶሻ ይደበድባል። ርካሽ ነው፤ ሥጋ አያቃጥልም። ጉድለቱ ጠጠሩን ወደ ኋላ፣ ወደ ኩላሊት፣ ማስሸሹና በተጣጣፊ መመልከቻ የማይገባ መሆኑ ነው። ቢሆንም ሌዘር በሌለበት ቦታ ዛሬም የተከበረ መሣሪያ ነው፤ ማንም እንዳይንቀው።

ወደ ሌዘር እንመለስ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ብሪታንያዊው ግራሃም ዋትሰንና የቦስተኑ ስቴፈን ድሬትለር ሙቀቱን የሚያመልጡበት መንገድ አገኙ። ብርሃኑን ያለማቋረጥ ከማፍሰስ ይልቅ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ያህል ብቻ በሚቆዩ ምቶች መላክ። ኩማሪን ከተባለ ፈሳሽ ቀለም የሚወጣው 504 ናኖሜትር አረንጓዴ ብርሃን ጠጠሩ ላይ ሲያርፍ በቅጽበት የጋለ ጋዝ ይፈጥራል፤ ጋዙ ሲፈነዳ ጠጠሩ ይሰነጠቃል። ለሙቀት ጊዜ ስለማይተርፍ ሥጋው አይቃጠልም። ይህ በጠጠር ሐኪሞች እጅ የገባ የመጀመሪያው እውነተኛ ሌዘር ነው። ነገር ግን ቀለሙ መርዛማ ነው፤ በየጊዜውም ይለወጣል፤ ማሽኑ ውድ ነው፤ ሐኪሙ የሚያጠልቀው መከላከያ መነጽርም ዕይታውን ያደበዝዛል። ከሁሉ የከፋው ብርሃኑን የማይቀበሉ ጠጠሮች መኖራቸው ነበር። ሲስቲን የሚባለው ጠጠር ንቅንቅ አላለም፤ ጠንካራው የካልሲየም ኦግዛሌት ዓይነትም ብዙ ጊዜ አስቸገረ። ከእርሱ በኋላ የመጣው የአሌክሳንድራይት ሌዘርም እንዲሁ ሳይስፋፋ ቀረ።

በእነዚያ ዓመታት የኢትዮጵያ ታማሚ ሕክምና በጎን ላይ የሚከፈት ረጅም ቀዶ ነበር። የሀዲያና የከምባታ ሰው ለዚህም ቢሆን አገሩን ለቆ ይሄዳል። ጠባሳቸው ከጎን እስከ እምብርት የሚደርስ አረጋውያን ዛሬም በየቤቱ አሉ፤ የዚያን ዘመን ቀዶ ሐኪሞች ውለታ ግን የሚረሳ አይደለም፤ ብዙ ኩላሊት አድነዋል።

ሆልሚየም ሲመጣ ታሪኩ ተለወጠ። ሆልሚየምና ቱሊየም መንትያ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ሁለቱንም ብረቶች ስዊድናዊው ኬሚስት ፔር ቴዎዶር ክሌቨ በ1879 በኡፕሳላ ነጥሎ አገኛቸው። መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው ሆልሚየም ያግ ከሚባል ክሪስታል ጋር ሆኖ የሐኪም ሌዘር የሆነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሽንት አካላት ላይ ተሞከረ፤ በአጋማሹ ካናዳዊው ጆን ደንስቴት ባልደረቦቹን ይዞ የጠጠር ውጤቱን አሳተመ።

የሆልሚየም ብርሃን 2,100 ናኖሜትር ስለሆነ በዓይን አይታይም፤ ውሃ ግን በብርቱ ይቀበለዋል። ሰውነታችን ውሃ ነው፤ ጠጠርም ውስጡ ውሃ አለው። ብርሃኑ ከፋይበሩ ጫፍ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ውስጥ ጉልበቱን ጨርሶ ያስረክባል። ምቱ ከቀለም ሌዘሩ በብዙ መቶ እጥፍ ይረዝማል፤ የሚሰብረውም በፍንዳታ ሳይሆን በሙቀት ጠጠሩን እያፈራረሰ ነው። ስለዚህ የጠጠሩን ቀለምና ዓይነት አይመርጥም፤ ሲስቲንም ይሁን ዩሪክ አሲድ ይሰብራል። ዩሪክ አሲድ ሲሰበር ጥቂት ሳይናይድ እንደሚወጣ በ1998 ታውቆ ሐኪሞችን አስደንግጦ ነበር፤ በሕክምና ላይ ጉዳት የሚያደርስ መጠን አለመሆኑ ከዚያ በኋላ ተረጋግጧል። የሆልሚየም አደጋ ሌላ ነው። ሥጋንም ይቆርጣልና ጫፉ ቱቦው ላይ ካረፈ ይበሳል፤ ውሃው በደንብ ካልፈሰሰም ያግላል። በሌላ በኩል ይኸው መቁረጡ ሀብት ሆነ፤ ጠባሳ የዘጋውን ቱቦ ይከፍታል፣ ከፍ ባለ ኃይል የፕሮስቴት ዕጢን ያወጣል። ሩብ ምዕተ ዓመት ተወዳዳሪ አላገኘም።

በዚህ ጊዜ ውስጥ የእኛም አገር ዝም አላለችም። የሽንት አካላት ሕክምና፣ ዩሮሎጂ የሚሉት፣ ራሱን የቻለ ሥልጠና ሆኖ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተተከለ። የብሪታንያ ዩሮሎጂስቶች በጎ ፈቃድ ክንፍ የሆነው ዩሮሊንክ ከሐዋሳው ሆስፒታል ጋር ወዳጅነት መሥርቶ ሐኪሞችን ያሠለጥን ጀመር። በ2003 ዓ.ም. ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከእነርሱ አንዱ የከምባታው ዳምቦያ ነበር፤ ገበሬው ሳይታመም እየከፈለ ሲታመም የሚታከምበት መንገድ ለአካባቢው ከሁሉ ቀድሞ መጣ ማለት ነው። በ2004 ዓ.ም. ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተቀበለ፤ የንግሥት እሌኒ ሆስፒታልም የማስተማሪያ ሆስፒታሉ ሆነ። ሆሳዕና በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ስትሆን ደግሞ ከሀዲያ አልፎ ብዙ ሕዝብ ዓይኑን ወደዚያ ሆስፒታል አነሣ። የጠጠር ታማሚ ግን ለብዙ ዓመታት ሪፈር ይዞ ወደ 230 ኪሎ ሜትር ግድም ተጉዞ አዲስ አበባ መግባት የተለመደ ዕጣው ሆኖ ቆይቷል። ደቡብ አፍሪካ ልጅ ያለው ያስልካል፤ የሌለው ከብቱን ያወጣል። የአልጋው፣ የምግቡና የአስታማሚው ወጪ ከሕክምናው ጋር ይፎካከራል።

የቱሊየም ተራ የመጣው ከሆልሚየም በኋላ ነው። በ2005 አሜሪካዊው ናትናኤል ፍሪድ በላቦራቶሪ የቱሊየም ፋይበር ሌዘር ጠጠር እንደሚሰብር አሳየ። በዚህ ማሽን ውስጥ ክሪስታል የለም፤ ብርሃኑ የሚወለደው ቱሊየም በተጨመረበት ረጅም ቀጭን ፋይበር ውስጥ ነው። ሞገዱ 1,940 ናኖሜትር ነው። ይህች ትንሽ የምትመስል ለውጥ ውሃ ብርሃኑን ከሆልሚየሙ አራት እጥፍ ያህል አብዝቶ እንዲቀበለው አደረገች። ስለዚህ በአነስተኛ ጉልበት፣ በሰከንድ በመቶዎች በሚቆጠሩ ጥቃቅን ምቶች ጠጠሩን ዱቄት ያደርገዋል፤ ጠጠሩም ወደ ኋላ ብዙ አይሸሽም። ብርሃኑ በ150 ማይክሮሜትር ፋይበር ያልፋል፤ ለሆልሚየም የሚሆነው ትንሹ ከ200 አይወርድም። የቀጠነ ፋይበር ተጣጣፊው መመልከቻ ይበልጥ እንዲታጠፍና ውሃ እንዲፈስ ቦታ ይለቅቃል።

ሌላው ልዩነት የኤሌክትሪክ ነው፤ ለሆሳዕናና ለዱራሜ ይህኛው ይበልጥ ይሰማኛል። ሆልሚየም የሚነሣው በብልጭታ አምፖል ስለሆነ የሚበላው ኤሌክትሪክ አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል፤ ያንን ለማብረድ የውሃ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። ትልልቆቹ፣ 100 ዋትና ከዚያ በላይ የሆኑት፣ ለብቻው የተዘረጋ ከፍተኛ አምፔር መስመር ካላገኙ አይነሡም። የቱሊየሙ ፋይበር ማሽን ትንሽ ነው፤ በአየር ማራገቢያ ይበርዳል፤ ከተራ ሶኬት ይሠራል። መብራት ሄዶ በጄኔሬተር የሚሠራ የቀዶ ክፍል ውስጥ ለቆመ ሐኪም ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማሽኑ ከ2020 ጀምሮ በዓለም ገበያ ተስፋፋ፤ የሆልሚየም አምራቾችም ምቱን ለሁለት የሚከፍል አዲስ ዘዴ ይዘው፣ ሌሎችም ቱሊየምን ከያግ ክሪስታል ጋር አጣምረው ይወዳደሩታል።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? የሲቪያል ዓይነት ቆጠራ የመጣው በ2022 ከኖርዌይዋ በርገን ነው። 120 ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ግማሹን በቱሊየም ፋይበር፣ ግማሹን አነስተኛ ኃይል ባለው ሆልሚየም አከሙ። ከሦስት ወር በኋላ ከጠጠር ነጻ የሆኑት በቱሊየም 92፣ በሆልሚየም 67 ከመቶ ነበሩ። ሻጮች ይዘውት የሚዞሩት ይህን ቁጥር ነው። ጥናቱን ገልጦ ያነበበ ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ልዩነቱ የመጣው ኩላሊት ውስጥ ከተቀመጡት ጠጠሮች ነው፤ በእነርሱ 86 በ49 ነበር። በዩሬተር ውስጥ በተቀረቀሩት ጠጠሮች ሁለቱም ሌዘሮች 100 ከመቶ አጸዱ። በ2023 ደግሞ ከአሜሪካዋ ዊስኮንሲን በወጣ ተመሳሳይ ሙከራ ቱሊየሙ ምቱን ከሚከፍለው አዲሱ ሆልሚየም ጋር ሲገጥም ጉልህ ልዩነት አልታየም።

ይህንን ወደ እኛ ሆስፒታሎች ሳመጣው አቋሜ ግልጽ ነው። ሌሊት ሰውን አስጩኾ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያመጣው፣ ኩላሊትን የሚዘጋው፣ የዩሬተር ጠጠር ነው። ለእርሱ ደግሞ ባለ 20 ወይም ባለ 30 ዋት ሆልሚየም፣ ቀጥ ያለ ዩሬተሮስኮፕና የሠለጠነ እጅ ይበቃል። እንዲህ ያለው ትንሽ ሆልሚየም ልዩ መስመር አይጠይቅም። አዲሱ ቱሊየም እስኪመጣ ብሎ መቆየት ታማሚውን በመንገድ ላይ ማቆየት ነው። ገንዘብ ያለው ሆስፒታል ቱሊየም ፋይበር ቢገዛ ደስ ይለኛል፤ ለመብራታችን ይስማማል፣ ለኩላሊት ውስጥ ጠጠርም ብልጫው ታይቷል። ነገር ግን ከማሽኑ ዋጋ በፊት ሦስት ነገር ይጠየቅ። ፋይበሩ በየዓመቱ በውጭ ምንዛሪ ከየት ይመጣል? ሲበላሽ የሚጠግነው ባለሙያ አዲስ አበባ አለ ወይስ የለም? ቶሎ የሚሰበረውና የሚወደደው ተጣጣፊ መመልከቻ ስንት ሰው ካከመ በኋላ ይተካል? ማሽን ተገዝቶ በፕላስቲክ እንደተሸፈነ የሚቀመጥበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ ነው።

ለታማሚውና ለቤተሰቡም የምለው አለኝ። የወገብ ውጋት ከትኩሳትና ከብርድ ብርድ ጋር ከመጣ ጉዳዩ የሌዘር አይደለም። የተዘጋ ኩላሊት ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ደም ሊመርዝ ይችላል፤ የሚያስፈልገው በአስቸኳይ ሽንቱ የሚወርድበት ቱቦ ማስገባት ነው፤ ጠጠሩ ቆይቶ ይሰበራል። ይህንን በገብስ ውሃ ለማሳለፍ አትሞክሩ፤ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ሂዱ።

ደግሞ ስቴንቱን አትርሱ። ከሌዘር በኋላ ብዙ ጊዜ ከኩላሊት እስከ ፊኛ የሚዘረጋ ሁለት ጫፉ የተጠመዘዘ ቀጭን ቱቦ ይገባል፤ ፊኒ የተባለ ሐኪም በ1978 ያስተዋወቀው ነው፤ ሐኪሞቻችን «ዲጄ» ይሉታል። ቱቦው ሽንቱ እንዲወርድ ይረዳል፤ የሚኖረው ግን ለጊዜው ነው። በሳምንታት፣ ቢበዛ በሦስት ወር ገደማ መውጣት አለበት። ታማሚው አዲስ አበባ ታክሞ፣ ሕመሙ ለቆት፣ ሆሳዕና ወይም አንጋጫ ገብቶ ወደ እርሻው ከተመለሰ በኋላ ቱቦው ውስጡ እንዳለ ቢረሳ ራሱ ቱቦው ጠጠር ይለብሳል፤ ኩላሊቱንም ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት «ዲጄ ገብቶልኛል ወይ? የሚወጣው መቼ ነው? የትስ ነው የሚወጣው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቀኑን በካርዱ ላይ አስጽፉ፤ ቤት ውስጥ ላለ ለአንድ ሰውም ንገሩት።